ከሰኞ በቀር

እህቴ ፍሬ ሰኞ ሰኞ አትታመምም ነበር።

ይህን ያስተዋልኩት የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ማክሰኞ ሆዷን ይቆርጣታል። ረቡዕ ራሷን ይወጋታል። ሐሙስ እግሬ ወለም አለኝ ብላ ታነክሳለች። ዓርብ ደግሞ እናቴን «ዛሬ ልብስ አጣጥቤልሽ ልዋል» ትላታለች። ሰኞ ግን ማንም ሳይቀሰቅሳት ትነሳለች፤ ፊቷን ትታጠባለች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ከእኔ ቀድማ ደጅ ትቆማለች።

በሽታ ቀን አይመርጥም። ይህን የነገረኝ ሰው የለም፤ ራሴ ነኝ ያሰብኩት። እህቴ ትዋሻለች አልኩ። ለምን እንደምትዋሽ ለማወቅ እከታተላት ጀመር።

አባቴ ከፈለኝ ከሰሜን በወታደርነት የመጣ ሰው ነው። ወታደርነቱን ከተወ በኋላ ዲላ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆነ። ጥቂት ይናገራል፤ እሱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። ጠዋት ጠዋት ወደ ምሥራቅ ዞሮ ዳዊቱን ዘርግቶ ይደግማል። እኛ ቤት የነበረው መጽሐፍ ያ ብቻ ነው። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ነበር። ጓሮው እንሰትና ቡና ነው፤ ከጓሮው ወዲያ መሬቱ ወደ ለገዳራ ወንዝ ይወርዳል።

ፍሬ አሥር ዓመቷ ነበር። ሁለታችንም የምንማረው ከየኔታ ወልደዮሐንስ ዘንድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ፣ ከዋንዛ ጥላ ሥር። የኔታ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ፊደል አይለዩም። የሚያስተምሩት በጆሯቸው ነበር። ሃያ ልጅ በአንድ ጊዜ እየጮኸ አንዱ ቢሳሳት ስሙን ጠርተው አለንጋቸውን ወደ እሱ ይቀስራሉ።

ለማያውቅ ልንገር። የቄስ ተማሪ መጀመሪያ ሀሁን በዜማ ይቆጥራል። ከዚያ አቡጊዳን፣ ከዚያ ንባብ። በመጨረሻ ዳዊት ይደግማል። ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት የተከፈለ ነው፤ የሰኞ አለ፣ የማክሰኞ አለ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ተማሪው በየዕለቱ የዕለቱን ያነባል። ዳዊት የደገመ ልጅ ተማረ ይባላል። ያን ቀን ቤተሰቡ ለየኔታ ይደግሳል።

እኔ ገና አቡጊዳ ላይ ነበርኩ። ፍሬ ዳዊት ላይ ደርሳለች። ድምፅ አላት። ሰኞ የሰኞን ስታነብ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ይቺ ልጅ ወንድ ብትሆን ኖሮ ለድቁና ትበቃ ነበር» ይላሉ።

በሌሎቹ ቀናት አባቴ ገፍቶ ሲልካት ከሸዋአለም ጎን ትቀመጣለች። ሸዋአለም የጎረቤታችን ልጅ፣ የእህቴ እኩያ ናት። ሁለቱ በአንድ መጽሐፍ ነው የሚያነቡት። ልጆቹ ባንድነት ሲያነቡ የእህቴን አፍ አየሁ። ከሸዋአለም አፍ ግማሽ እስትንፋስ ወደ ኋላ ይቀራል። አንድ ቀን ሸዋአለም አሳላት። ፍሬም ዝም አለች። ሸዋአለም ሳሏን ጨርሳ ስትቀጥል ፍሬም ቀጠለች።

ሁለቱ የሚደብቁት ነገር አለ አልኩ።

የልጅ ልጄ ሩሃማ አሁን ሰባት ዓመቷ ነው። ልጄ መልከጼዴቅና ሚስቱ ሥራ ስለሚውሉ ከትምህርት ቤት መልስ የምትቆየው እኔ ዘንድ ነው። ጥቅምት ላይ የንባብ መጽሐፏን በረንዳ ላይ ታነብልኝ ነበር። ስለ አንዲት ፍየል ነው። ጥርት አድርጋ ነው የምታነበው። አንድ ቀን መጽሐፉን ትቼ ዓይኗን አየሁ። ዓይኗ ሥዕሉ ላይ ነው። ገጹን ሳትገልጥ የሚቀጥለውን ገጽ ቃል ጀመረች። ሥዕሉን በመዳፌ ሸፈንኩት። ዝም አለች። «አባባ፣ ውኃ ጠማኝ» አለች።

በዚህ ዕድሜዬም ቀድሞ የመጣልኝ ቃል ያው ነበር። ትዋሻለች አልኩ።

እኔ ሰባት ዓመት በሆነኝ በዚያ ዓመት፣ ሰኔ ላይ አባቴ ፍሬን ጠራት። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ።

«ዳዊቱን በየኔታ ፊት አጥርተሽ ካነበብሽልኝ» አላት፣ «መስከረም ላይ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስገባሻለሁ።»

«እንግዳስ?» አለች። እንግዳ እኔ ነኝ።

«ሁለታችሁም ከወጣችሁ እናታችሁን የሚያግዝ የለም። አንድ በአንድ ነው።»

«መቼ ነው የምትጠይቀኝ አባዬ?»

አባቴ ትንሽ አሰበ። «ሰኞ ይሁን» አለ።

የእህቴ ትከሻ ወደ ታች ወረደ። ይዛው የነበረውን ትንፋሽ ስትለቅ ሰማሁ። ሰኞ መባሉ ደስ ብሏታል። ደስ እንዳላት መዘገብኩ። በአእምሮዬ ነው፤ መጻፍ አልችልም ነበር።

በማግስቱ ከአሮጌ አንሶላ የደብተር ቦርሳ መስፋት ጀመረች። ፍሬ ልክ አትወስድም፤ በዓይኗ አይታ ነው የምትቆርጠው፤ ሲሰፋ ይገጥማል። ከውስጥ ሁለት ኪስ አደረገችለት።

«ይህ የምንድን ነው?» አልኳት።

«የእርሳስ።»

«ይህስ?»

«የምሳ።»

«እኔስ የት ነው የምይዘው?»

«አንተማ ገና ነህ። መጀመሪያ ንፍጥህን ጥረግ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤቱን ከእኔ ላይ የወሰደችው መሰለኝ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ረፋድ ላይ በመንገዱ ሲያልፉ አያለሁ። ጫማ ያለው አለ፤ የሌለውም አለ። ሁሉም ግን ደብተር ይዘዋል። እኔ ውሸታም አይደለሁም፤ እሷ ግን ትሄዳለች። ይህ ነበር ሐሳቤ።

አንድ ከሰዓት ዝናብ ጣለ። ቆርቆሮው እየጮኸ ስለነበር እናትና አባቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያወሩ ነበር። እኔ አልጋ ሥር ነኝ።

«ገበያ ብልካት ግራና ቀኙን ስታ ዞራ ተመለሰች» አለች እናቴ የትምወርቅ። «ትናንትና ነገን እስከ ዛሬ ታማታለች። ይቺ ልጅ የሆነ ነገር አለባት።»

«ልጅ ናት» አለ አባቴ።

«አሥር ዓመቷ ነው። ያንን ሁሉ ዜማ በቃሏ የምትይዝ ልጅ ትናንትን ከነገ መለየት ያቅታታል? ከማን ወሰደችው ልትለኝ ነው?»

የአባቴ እግር ከአልጋው ፊት ቆመ። 

«የትምወርቅ፣ ዝም በይ።»

«እኔማ ዝም ብያለሁ። ዝም ካልኩ ስንት ዓመቴ።»

እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ነው። እህቴ ከሰው የወሰደችው ነገር አለ። ወላጆቼም ያውቃሉ፤ አፍነው ይዘውታል። በማግስቱ ፍሬ ውኃ ስትወርድ መኝታዋን ፈተሽኩ። ቁልፍ፣ የተጠቀለለ ክር፣ ፊደል የምትቆጥርበት ስንጥር፣ ግማሽ ሸንኮራ አገዳ አገኘሁ። የተሰረቀ ነገር ግን አጣሁ። ሸዋአለም ደብቃላት ይሆናል አልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሰንበት ነው ሳይሉ፣ ሁለቱ ልብስ ይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ። ተከተልኳቸው። በእንሰቱ መካከል በሆዴ ነው የሄድኩት። ምድሩ ርጥብ ነበር፤ የበሰበሰ የእንሰት ቅጠል ይሸታል። ከወንዙ ዳር አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ። ሸዋአለም ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች። ፍሬ ውኃው ውስጥ ቆማ ልብስ ታሻለች። ጀርባዋን ለመጽሐፉ ሰጥታለች።

ሸዋአለም አንድ መስመር ታነባለች። ፍሬ እያሸች ትደግማለች። ሁለት መስመር ታነባለች፤ ፍሬ ሁለቱንም ትደግማለች። የሚያነቡት የሰኞን ነው፤ እኔም በጆሮዬ አውቀዋለሁ።

«ነይ አሁን በዓይንሽ እይው» አለች ሸዋአለም።

«ተይኝ።»

«አንዴ ብቻ።»

«ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሀሁ ላይ ተራቸውን ይዘው ሲቆሙ አውቃቸዋለሁ። እዚያ ተደባልቀው ሲመጡ አላውቃቸውም። አንቺ ታውቂያቸዋለሽ፤ እኔ አላውቃቸውም።»

«እና አባትሽ ነገ...»

«ነገ ሰኞ ነው። ሰኞን ማን ፈራ?»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ በእንሰቱ ውስጥ ሆኜ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ንባቡ የሸዋአለም ነው። እህቴ ከእሷ ወስዳ የራሷ አስመስላ በአባቴ ፊት ልታቀርበው ነው። እናቴ «ከማን ወሰደችው» ያለችው ይህን ነው።

ልነሳ ስል ከሥሬ አንድ እንጨት ተሰበረ።

«እንግዳ፣ አንተ ነህ?» አለች ፍሬ።

ሮጥኩ።

አባቴ ደጅ ዱካ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እየጠረገ ነበር። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ከፊቱ ቆምኩ።

«አባዬ፣ ነገ የሰኞን አትጠይቃት። የማክሰኞን ጠይቃት።»

«ለምን?»

«የሰኞን በቃሏ ይዛዋለች። ማንበብ አትችልም። ሸዋአለም ናት የምታነብላት። በዓይኔ አየሁ።»

ጎበዝ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። ጫማውን አስቀመጠ።

«ለሌላ ሰው ነግረሃል?»

«አልነገርኩም።»

«የኔታስ ያውቃሉ?»

«አያውቁም። አያዩማ።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። በእህቴ ተቆጥቶ ነው አልኩ። ዛሬ ያንን ፊት ሳስታውሰው ቁጣ አላገኝበትም። አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ የማያውቀው ሰው ቆሞ ሲያገኝ እንደሚያየው ነበር ያየኝ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ዋንዛው ሥር ተሰበሰብን። እናቴ ጠላና ዳቦ አዘጋጅታለች፤ ድግሱ ለማታ ነው። አባቴ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጣ። የኔታ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፍሬ ነጠላዋን አስተካክላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ እኔን ፈልጎ አገኘኝ። እኔ ወደ ዛፉ አየሁ።

አባቴ መጽሐፉን ከየኔታ ተቀበለ። ገለጠ፣ ገለጠ፤ ቀይ ቀለም ያለበት ገጽ ላይ ቆመ። ሰኞ የት እንደሚያልቅ ያውቃል። መጽሐፉን ከፊቷ አኖረና ጣቱን አሳረፈ።

«ከዚህ ጀምሪ።»

የትኛው እንደሆነ አልነገራትም። ቀኑ ሰኞ ነው። ፍሬ ጣቷን የአባቴ ጣት ከነበረበት አኖረች፤ ድምፅዋን አወጣች፤ የሰኞን ጀመረች። ጣቷ እየሄደ ነው። ድምፅዋ እየሄደ ነው። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ከጀርባዋ ቆሜ ጣቷንና አፏን አያለሁ። ሁለቱ አይገናኙም።

አባቴ ዝም ብሎ አስጨረሳት። ከዚያ ከትልልቆቹ ተማሪዎች ጥበቡን ጠራው። ጥበቡ ዲያቆን ሊሆን ጥቂት የቀረው ጎረምሳ ነው።

«ጥበቡ፣ እስቲ ወዲህ ና። ያነበበችው እዚህ ያለውን ነው?»

ጥበቡ ጎንበስ አለ። «አይደለም ጋሼ። ይህ የማክሰኞ ነው። እሷ የምትለው የሰኞን ነው።»

አንድ ልጅ ከኋላ ሳቀ። ሌሎቹም ተከተሉት። «ፍሬ ሰኞ» አለ አንዱ። ስሙ ወዲያው ያዘ። እስክትሄድ ድረስ መንገድ ላይ እንደዚያ ይጠሯት ነበር።

«ዝም በሉ» አሉ የኔታ። ከዚያ ለስለስ ብለው «ልጄ፣ የማክሰኞን አንብቢልኝ» አሏት።

ፍሬ ጣቷን እንደገና አኖረች። አንዱን ፊደል ነክታ ወደ ሁለተኛው ሄደች። ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከራሷ ውስጥ ሀሁን ከላይ ጀምራ እየቆጠረች ያን ፊደል እየፈለገች እንደነበር ያኔ አላወቅሁም። ግንባሯ ላይ ላብ ወጣ። ሸዋአለም በነጠላዋ አፏን ሸፍና ታለቅሳለች። እኔ ያን ጊዜ የተሰማኝን አልደብቅም። ደስ አለኝ። የጠረጠርኩት እውነት ሆነ።

አባቴ መጽሐፉን ዘጋው።

«ከፈለኝ» አሉ የኔታ፣ «ይቺ ልጅ ጆሮ አላት። ጆሮ ያለው ሰው አይጣልም።»

«የተጠየቀችው ንባብ ነው የኔታ» አለ አባቴ። ወደ ሥራው ሄደ። ጠላው ሳይጠጣ ቀረ።

የአባቴ ዳዊት ዛሬ እኔ ዘንድ ነው። ሲሞት እኔ ወሰድኩት። የሰኞው ክፍል ጠርዙ በጣት ወዝ ጠቁሯል፤ አንዳንዱ ገጽ ሳስቶ በጨርቅ ተለጥፏል። ከሰኞ ወዲያ ያለው ገጽ እንደተገዛ ነው። አንዳንዱ እርስ በርሱ እንደተጣበቀ ነበር፤ እኔ ነኝ በቢላ የለያየሁት። ሰውየው አርባ ዓመት በየማለዳው ያንን መጽሐፍ ሲደግም አይቻለሁ፤ ለካ የሰኞን ብቻ ነበር። ጥበቡን ለምን እንደጠራው፣ ፈተናውን ለምን ሰኞ እንዳደረገው፣ እናቴም ዝም ካልኩ ስንት ዓመቴ ያለችው ስለማን እንደነበር የገባኝ ያንን መጽሐፍ ስገልጥ ነው።

አባቴ ፍሬን አልመታትም። «ማንበብ አለመቻሏን ብትነግረኝ ኖሮ» አለ ለእናቴ፣ «መዋሸቷ ነው የከፋኝ።» በነሐሴ አክስቴ ከምትኖርበት ከፍስሐ ገነት ከተማ መጣች። ቤቷ ሰው ይበዛዋል፤ ልጅቷን ስጡኝና ታግዘኝ አለች። አባቴ እሺ አለ። እናቴ ሁለት ቀን አልተናገረችም።

ከመሄዷ በፊት አባቴ ቦርሳውን ለእኔ እንድታስተካክልልኝ ነገራት። ማንጠልጠያውን በትከሻዬ ልክ ያሳጠረችው ራሷ ፍሬ ናት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና አየችኝ።

«ማን ነገረው?»

«እኔ እንጃ» አልኩ።

አልተከራከረችም። በቡና ጭነት መኪና ጋቢና ከአክስቴ ጋር ሄደች። መስከረም ላይ እኔ ትምህርት ቤት ገባሁ። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተማርኩ። በዚያ ትምህርት ነው ሥራ ያገኘሁት፤ ይህንንም የምጽፈው በዚያ ነው። ፍሬ ለክረምት ትመለሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ውሸታም ሰው ተቀጥቶ ይመለሳል፤ እንደዚያ ነበር የማውቀው። ፍስሐ ገነት ቀረች። እዚያው ልብስ ሰፊ ሆነች፣ እዚያው አገባች፣ ልጆች ወለደች። በለቅሶና በሠርግ እንገናኛለን። ሰላምታችን አጭር ነው።

ወደ ሩሃማ ልመለስ። ሥዕሉን የሸፈንኩ ለት አመሻሽ ለመልከጼዴቅ አልነገርኩም። በማግስቱ በቀጥታ ወደ አስተማሪዋ ሄድኩ። ሔለን ትባላለች፤ ለትምህርት ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ መጥታ እዚሁ የቀረች ወጣት ናት።

«ልጅቷ አታነብም» አልኳት። «በቃሏ ይዛ ነው። እያታለለችሽ ነው።»

«አውቃለሁ አባባ። ግን ማታለል አይደለም፤ መላ ነው የፈለገችው።»

«ካልቻለች አልቻልኩም አትልም?»

«ሌሎቹ እንዴት እንደሚያነቡ በምን ታውቃለች? ሁሉም እንደሷ በቃሉ የሚይዝ ነው የሚመስላት።»

 ወንበር ሰጠችኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«አፍ የፈታችው ዘግይታ ነው?» አለች።

«አዎ።»

«ቀለማትን ስም ለመጥራት ትዘገያለች? ትናንትና ነገን ታማታለች? ጫማ ስታደርግ ግራና ቀኙን?»

ደነገጥኩ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። በብዙ ልጆች ላይ የሚታይ ነው። አንዱ ብቻውን ሲሆን ምንም አይደለም፤ ልጅ ሁሉ ያደርገዋል። ተደራርበው ሲመጡና አልለቅ ሲሉ ነው ምልክት የሚሆኑት። ጠዋት ላይ ሆዴን ትላለች?»

«ትላለች።»

«ንባብ ባለበት ቀን ነው። ቀኑን ይዣለሁ።»

ተቀመጥኩ።

«በሽታ ነው?»

«አይደለም። ዲስሌክሲያ ይሉታል። አእምሮዋ ደህና ነው፤ ፊደሉንና ድምፁን ማገናኘት ነው የሚከብዳት። ነው ብዬ የምወስነው እኔ አይደለሁም፤ ይመስላል ነው የምልዎት። እስኪወሰን ግን ቁጭ ብለን አንጠብቅም። በድምፁ ጀምረን፣ አሸዋ ላይ በጣቷ እያስጻፍን ቀስ ብለን እንሄዳለን። በልጆቹ ፊት ድምፅ አውጥተሽ አንብቢ አልላትም።» ወረቀት ሳበች። «ብዙ ጊዜ በቤተሰብ ውስጥ ይሄዳል። ከዘመድ እንዲህ የነበረ ሰው ያውቃሉ?»

ይቺ አስተማሪ ስለ ቤቴ ምን ልታደርግ ነው የምትጠይቀኝ አልኩ በልቤ።

«የለም» አልኩ።

ወረቀቱ ላይ ጻፈች። ከግቢው ወጥቼ አስፋልቱን ስሻገር ባጃጅ ሊገጨኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ወራት ሩሃማን ስመለከት ቆየሁ። በትሪ ላይ አሸዋ ዘርግታ በጣቷ ትጽፋለች። ስትሳሳት ታጠፋዋለች፤ አሸዋ አያሳፍርም። ፋሲካ ሲደርስ ሥዕል የሌለበት አንድ መስመር አነበበችልኝ። ላብ አጠመቃት፤ ግን አነበበችው። ፍሬ ዘንድ መሄድ እንዳለብኝ የማውቀው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። መንገዱ ጭቃ ነው አልኩ። ጉልበቴን አመመኝ አልኩ። ጥምቀት ይለፍ፣ ጾሙ ይፈታ አልኩ።

ግንቦት ላይ አንድ ቅዳሜ ሩሃማን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሰው ሞልቶ ነበር። ረዳቱ ገመቹ የሚባል የሰፈር ልጅ ነው። «አባባ፣ ልጁን እቀፈው፤ ሰው አለ» አለኝ። ሩሃማ ጭኔ ላይ ሆና «እኔ ሴት ነኝ» አለችው። «እሺ፣ ይቀመጥ ሴቱ» አላት። ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ።

ፍሬ ደጇ ላይ በስፌት መኪናዋ ነበረች። ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አሁንም ትሰፋለች። አየችኝና እግሯን ከመርገጫው አላነሳችም።

«ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምን ፈልገህ ነው?»

«ልጠይቅሽ ነው እታለም።»

ቆመች። ሩሃማን ሳመቻት። ወንበር አወጣችልን፤ ለልጅቷ ሙዝ ሰጠቻት።

«ስንተኛ ነሽ?»

«አንደኛ ክፍል።»

«ታነቢያለሽ?»

«ቀስ ብዬ» አለች ሩሃማ። «ቲቸር ትጠብቀኛለች።»

ፍሬ ልጅቷን አየቻት። ከዚያ እኔን። ነገሩን ነገርኳት። አስተማሪዋ ያለችውን ሁሉ፣ ምንም ሳልጨምር። ፊደልና ድምፅ አልገናኝ የሚላቸው ልጆች እንዳሉ፣ ስንፍና እንዳልሆነ፣ ውሸትም እንዳልሆነ፣ በቃል መያዝ የጎበዝ ልጅ መላ እንደሆነ፣ በዘር እንደሚሄድ። እያወራሁ እጇን አየሁ። የያዘችውን ጨርቅ ታጣጥፋለች፤ ዘርግታ እንደገና ታጣጥፋለች።

ስጨርስ እጇ ቆመ።

«ውሸታም አልነበርኩም ማለት ነው?» አለች።

«አልነበርሽም።»

«እኔ እኮ ራሴም አምኜ ነበር። ልጆቼን ስቀጣ እንኳ፣ እኔ ምን አፍ አለኝ እል ነበር።» ጨርቁን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «አባዬ ይህን ሳይሰማ ሞተ።»

ስለ አባቴ መናገር ፈለግሁ። ከየት እንደምጀምር ሳስብ ቀደመችኝ።

«አስተማሪዋ መቼ ነው የነገረችህ?»

«ባለፈው ጊዜ።»

«መቼ?»

«ጥቅምት።»

ፍሬ በጣቷ ቆጠረች። ወሮቹን ከመስከረም ጀምራ በሹክሹክታ ጠራቻቸው፤ ጥቅምትን ስታልፍ ጣቷን ማጠፍ ጀመረች፤ ግንቦት ላይ ቆመች።

«ሰባት ወር» አለች። ድምፅዋ አልጨመረም። «ያኔ ለአባዬ ስትነግርብኝ ግን አንድ ሌሊት አላሳደርከውም።»

 ሩሃማ ሙዟን መብላት ትታ ሁለታችንን በየተራ ታየን ነበር። ወደ ዲላ የሚሄደው መኪና መንገዱ ላይ ቆሞ ሰው ይጠራል። ፍሬ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ሂድ አላለችኝም፤ እደርም አላለችኝም።